ተኝታ የገባች ጥይት

ዓለምነህ ወልደ ሰንበት ከሁሉ አብልጦ የሚጸየፈው በደስታ ሰበብ ወደ ሰማይ የሚረጭ ጥይት ነበር። ሰው ሲወለድ ይተኮሳል፣ ሲዳር ይተኮሳል፣ ሲሞትማ ይብሳል። «ምኑን ነው የሚመቱት?» ይላል። «ደመናውን ነው ወይስ የጎረቤታቸውን ቆርቆሮ?» ከዚያ ምራቁን እንትፍ ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሚስቱ ንግስት ይህን ምራቅ ሠላሳ ዓመት አይታዋለች። ሌላው ሰው ድግስ ሲጠራ የሚበላውንና የሚጠጣውን ያስባል። እሱ ግን ገና ከደጅ ሳይደርስ የመጀመሪያው ጥይት ከጮኸ፣ ሰበብ ፈልጎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ስስት ነው ያሉት ነበሩ። ስስት አልነበረም። ዓለምነህ ጥይት ሲባክን ከሚያመው ይልቅ በርሜል ሲቃጠል ያመዋል። ይህንን ለሰው ማስረዳት ግን በሕይወቱ ሙሉ አልሆነለትም። ሰው ጠመንጃን ከውጭ ነው የሚያየው፤ ሰደፉን በቅቤ ይወለውላል፣ ማንገቻውን በጨሌ ያስጌጣል። ውስጡን የሚያይ የለም።

የተወለደው በስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ ባለች የገብስ አገር ነው። በሃያ ዓመቱ ለወታደርነት ተመለመለ። ዓይኑ ሩቅ ስለሚያይና ትንፋሹን መያዝ ስለሚችል በክፍለ ጦሩ የዒላማ ቡድን ውስጥ አስገቡት። አንድ ቀጭን አሠልጣኝ ነበራቸው፤ ሰዓቱን በመዳፉ ይዞ ከኋላቸው ይቆምና የደቂቃውን ማለቅ በጫማው ጫፍ እየረገጠ ይነግራቸዋል። በርሜል ውስጥ እንደ ተገመደ ገመድ የሚዞር ጥርስ እንዳለ፣ ጥይትን አሽከርክሮ ቀጥ አድርጎ የሚልከው ያ ጥርስ እንደሆነ፣ ጥርሱ ሲያልቅ ጥይቱ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ እንደሚሄድ ያስተማረው እሱ ነው። «የበርሜል ዕድሜ በዓመት አይቆጠርም» ይላቸው ነበር። «በተኩስ ነው። እያንዳንዷ ጥይት ስትወጣ እሳቷ ትንሽ በልታ ነው የምትሄደው። እያቀዘቀዛችሁ ከተኮሳችሁ አምስት ሺህ ጥይት ይቆይላችኋል። እያጋላችሁ ከተኮሳችሁ ግን ሳሙና በሙቅ ውሃ እንደሚያልቀው ያልቅባችኋል።»

መንግሥት ሲወድቅ ዓለምነህ ባዶ እጁን በእግሩ አገሩ ገባ። አባቱ አርጅተው ቆዩት። ሲሞቱም ከገብስ ማሳው ጋር አንድ ዲሞትፎር ተዉለት። ከግድግዳ ወርዶ የማያውቅ፣ በርሜሉ ያልተነካ ጠመንጃ ነበር። ዓለምነህ ይህን ሲያይ የአሠልጣኙ ድምፅ በጆሮው መጣ። አንድ ትልቅ ቅል ቆርጦ ከጓዳ ሰቀለ፤ አንድ ጊዜ በተኮሰ ቁጥር አንድ ባቄላ ይጥልበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይጥል የቀረበት ተኩስ የለም። መንደሩ ሳቀበት። «ዓለምነህ ሲተኩስ ባቄላ ይዘራል» ተባለ። እሱ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ባቄላውን ዘርግፎ ይቆጥርና ይመልሳል፤ ከዚያም ያን ዕለት ሙሉ ደስ ብሎት ይውላል። ሰው ከዕድሜው ምን ያህሉን እንደጨረሰ ቢያውቅ እንዲህ ደስ ይለው እንደሆነ አይታወቅም።

በየዓመቱ በፋሲካ ማክሰኞ ከስማዳ፣ ከጋይንትና ከእስቴ የመጡ ተኳሾች አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ከሸለቆው ማዶ፣ ስድስት መቶ እርምጃ ርቆ፣ የበሬ ቆዳ በእንጨት ተወጥሮ ይቆማል። ቆዳው በኖራ ነጭቶ መካከሉ በጥላሸት የተቀባ ጥቁር ክብ አለበት። እያንዳንዱ ተኳሽ በደረቱ ተኝቶ አሥር ጥይት ይተኩሳል። ጊዜውም ይሰፈራል፤ የሚሰፈረው ግን በሰዓት አይደለም። ከተኳሹ ራስ አጠገብ አንድ ሰው ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል። ለአንድ ጥይት አንድ አቡነ ዘበሰማያት ነው። «አሜን» ከተባለ በኋላ የወጣች ጥይት ጥቁሩን ብትመታም አትቆጠርም።

ደጋሚው ለብዙ ዘመን መሪጌታ ተክለ ማርያም ነበሩ። ቤተ ልሔም የተማሩ፣ ዜማ ያወቁ ሰው ናቸው፤ ሲደግሙ ከአንዱ ተኳሽ ወደ ሌላው የግማሽ ትንፋሽ ልዩነት አይገኝባቸውም። ልጃቸው ሲተኩስም፣ የሚጠሉት ሰው ሲተኩስም ያው ናት። አንድ ጊዜ ዓለምነህ፣ «የኔታ፣ ጊዜው ባይወሰን ምን ነበረበት? ሰው ንፋሱን አይቶ ቢተኩስ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ያኔማ ንፋስ እስኪቆም ተኝቶ የሚጠብቅ ሁሉ ተኳሽ ይባላላ!» አሉት። «ጊዜው ተኳሹን ብቻ አይደለም የሚፈትነው፤ ብረቱንም ነው። በርሜሉን ያልበደለ ሰው አሥሯን ቢያከታትል ብረቱ አይከዳውም። የበደለው ግን በስድስተኛዋ ይጋለጣል፤ ግለቱ ከበርሜሉ ላይ እንደ ጭስ እየተነሳ ጥቁሩን ያወዛውዝበታል። እንዲቀዘቅዝለት ጊዜ የሚለምን እሱ ነው።»

ሌላም ሥርዓት ነበራቸው። ውድድሩ ሳይጀመር ተኳሾች ጠመንጃ ይለዋወጡና አንዱ የሌላውን አፈሙዝ በጥይት ጫፍ ይለካል። ጫፏ ገባ ብላ ከቆመች በርሜሉ ደህና ነው። እስከ ቀለሁ አንገት ከሰጠመች በርሜሉ ሞቷል፤ ባለቤቱ ተነስቶ «ብረቴ ሞቷል» ይልና ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሽማግሎቹ ጋር ተቀምጦ ዳኛ ይሆናል። ውርደት አልነበረውም። እንዲያውም ተጨብጭቦለት ነበር የሚቀመጠው።

የዓለምነህን አፈሙዝ በየዓመቱ ይለካ የነበረው ኢሳ ነው፤ የኢሳንም ዓለምነህ። ኢሳ አርብ ገበያ ከተማ ጨውና ጨርቅ የሚነግድ፣ የአያቱን ምንሽር ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። አንድ ዓመት እሱ ያሸንፋል፣ አንድ ዓመት ዓለምነህ። ሲገናኙ ሰላምታቸው ስድብ ነበር።

«ዓለምነህ፣ ባቄላህ አልነቀዘም?»

«አንተ ይልቅ ጨውህ እንዳይሟሟ ጥላ ሥር ተቀመጥ!»

አንድ ጊዜ ከእስቴ የመጣ ወጣት ተኳሽ፣ ሙስሊም ሰው በአቡነ ዘበሰማያት እንዴት ይተኩሳል ብሎ ሊያሾፍ ሞከረ። ኢሳ ከተኛበት ቀና እንኳ አላለም። «እኔ ይህቺን ጸሎት ሠላሳ ዓመት ተኝቼ ሰምቻታለሁ፤ አንተ ቆመህም አትጨርሳትም። እስቲ በላ፣ ከሲሳየነ ቀጥሎ ምንድን ነው?» አለው። ወጣቱ ተንተባተበ። መሪጌታ ተክለ ማርያም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ሁለቱ ተኳሾች ያለ መሐላ የገቡት ቃል ነበራቸው፤ ብረቱ የሞተበት ሳይጠየቅ ቀድሞ ለሌላው ይናገራል። ዓለምነህ በሕይወቱ ከያዛቸው ነገሮች ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ የሚያምነው ይህን ብቻ ነበር። ውትድርናው አላኮራውም። እርሻው ከሌላው ሰው እርሻ አይበልጥም። ከዓመት አንድ ቀን ግን አንድ ሰው አፈሙዙን ለክቶ «ደህና ነው» ይልለታል፤ የሚኖረው ለዚያች ቃል ነበር።

መሪጌታ ሞቱ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ መሽተት የጀመረው።

ውድድሩን የወጣቶች ኮሚቴ ያዘው። ሚሊዮን የሚባል ማይክ ከእጁ የማይለይ ጎልማሳ፣ በሞተር ብስክሌት ጄኔሬተርና ድምፅ ማጉያ አስጭኖ ይመጣል። «ፕሮግራም ይጨናነቅብናል» ብሎ የአፈሙዝ ልኬቱን አስቀረው። «ቪዲዮው ላይ አይስብም» አለ ደግሞ። ዳኞቹ ሽማግሎች ፀሐይ ላይ ተቀመጡ፤ ጥላው ለካሜራው ተሰጠ። ለደጋሚነት ደግሞ ወልደ ሩፋኤል መጣ። መዝሙረ ዳዊት ደግሞ ከቄስ ትምህርት ቤት የወጣ፣ ድምፁ የማያስከፋ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ወልደ ሩፋኤል ነገር ሳይሰማ «እሺ» የሚል፣ ቀልዱ ሳይነገር የሚስቅ፣ ከማንም ጋር ላለመጣላት ከሁሉም ጋር የሚዋሽ ሰው ነው። ዓለምነህ ከእሱ ጋር ሲጨባበጥ መዳፉን በጋቢው ይጠርጋል።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጥር፣ የዓለምነህ ልጅ ፍቅር ለእስቴ ሰው ተዳረች። ሙሽራ ስትሸኝ የአባቷ ጠመንጃ አብሮ መሄዱ የአገሩ ወግ ነው። ዓለምነህ ተከራከረ፤ ንግስት አለቀሰች፤ «ልጄ ባዶዋን ትሂድ?» አለች። ተሸነፈ። ዲሞትፎሩን ለወንድሙ ልጅ ለምስጋናው ሰጠው። ምስጋናው የሁለት ልጆች አባት፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። አሥራ ሁለት ጥይት ቆጥሮ ሰጠውና፣ «ከዚህ አንዲት እንዳትጨምር፤ እያሳረፍክ» አለው።

ምስጋናው በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ፊቱ ያብረቀርቃል።

«ጋሼ፣ እንዴት ያለ ሠርግ መሰለዎት! እስቴ ተንቀጠቀጠ እኮ!»

«ጠመንጃውስ?»

«ጠመንጃውማ ስሙን አስጠራ! የእነሱ ሰዎች ዝናራቸውን እየፈቱ ጥይት ያቀብሉናል፣ እኔ አልዋረድም አልኩ። መጨረሻ ላይ ብረቱ እጅ አላስነካ ሲል በጠላ አበረድነው።»

ዓለምነህ ከመቀመጫው ተነሳ። «በምን?»

«በጠላ። ውሃ ሩቅ ነበር። ግን አይጨነቁ፤ ሳላጸዳ አላመጣሁልዎትም። አመድ በጨርቅ አድርጌ በገመድ ሁለት ቀን ሙሉ ስስበው ነው የዋልኩት። ይዩት እስቲ! መስታወት ነው!»

ዓለምነህ የጠመንጃውን የኋላ መዝጊያ፣ መዘውሩን፣ አውጥቶ በርሜሉን ወደ በሩ ብርሃን አቀና። እውነትም መስታወት ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ታጠበ ሳህን ያበራል። ይህን አገር ዓለምነህ የሚያውቀው በዚህ ስሕተት ነው፤ ያበራ ነገር ሁሉ ደህና ይመስላቸዋል። አመድ ብረት እንደሚፍቅ፣ የሚያበራውም ጥርሱ ስለተፋቀ እንደሆነ ማን ይንገራቸው። እሳቱ ከውስጥ በልቶ፣ አመዱ ከአፉ ጨርሶታል።

«ስንት ተኮሳችሁ?» አለ ቀስ ብሎ።

ምስጋናው ሳቀ። «ማን ቆጠረው ጋሼ!»

ምስጋናው ከሄደ በኋላ ዓለምነህ ጓዳ ገባ። ቅሉ ፊት ለፊት ቆሞ ስንት ባቄላ እንደሚጥል አላወቀም። በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አላወቀም። በመጨረሻ ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኖ ሳይቆጥር ጣለው። ከዚያ አንዲት ጥይት አንስቶ ጫፏን አፈሙዙ ውስጥ ከተታት። እስከ ቀለሁ አንገት ሰጠመች።

ለማንም አልተናገረም። ለኢሳም።

ለምን እንዳልተናገረ ለራሱ ብዙ ምክንያት ሰጥቷል። ከሥርዓቱ ውጭ አልሆንኩም፤ ልኬቱን ያስቀሩት እነሱ ናቸው። በርሜሉን የገደልኩት እኔ አይደለሁም። ከእነዚህ ማይክ ከያዙ ሰዎች ፊት ተነስቼ «ብረቴ ሞቷል» ብል ማን ያጨበጭብልኛል? ሁሉም እውነት ነበር። አንድ ሰው ብዙ እውነት ሲደረድር ከሥር የሚደብቀው አንድ ነገር እንዳለ ማወቅ ግን አያዳግትም። ልኬቱ ቢቀርም፣ ዓለምነህ ኢሳ በልቡ እንኳ «ደህና ነው» ሳይለው መኖር ፈራ።

ሁለት ፋሲካ ብረቱ ከድቶት ተሸነፈ። አምና ለፋሲካ ዋዜማ ወልደ ሩፋኤልን መንገድ ላይ አገኘው። ሰላምታ ተሰጣጡ። ሊለያዩ ሲሉ፣ እንደ ዋዛ፣ «ዓይኔ እየደከመ ነው መሪጌታ» አለው። ወልደ ሩፋኤል መሪጌታ አልነበረም፤ ዓለምነህም ይህን ያውቃል። «ትንሽ ረጋ ይበሉልኝ።»

«እሺ፣ እሺ፣ ምን ገዶኝ!» አለ ወልደ ሩፋኤል እየሳቀ።

ዓለምነህ መዳፉን በጋቢው አልጠረገም። ማክሰኞ አሸነፈ። በየጥይቱ መካከል መዘውሩን ከፍቶ፣ ብረቱን አብርዶ፣ ግለቱ ከዓይኑ ፊት እስኪጠፋ ጠብቆ ነበር የሚተኩሰው፤ ጸሎቷም ጠበቀችው።

ዘንድሮ ምንም ማለት አላስፈለገውም። ማክሰኞ ጠዋት ሜዳው ላይ ሲደርስ ወልደ ሩፋኤል ከሩቅ ራሱን ነቅንቆ ፈገግ አለለት። ዓለምነህ ያላየ መስሎ ፊቱን አዞረ።

ሜዳው ላይ የሌለ ነገር አልነበረም። የድምፅ ማጉያው ይጮሃል። የጠጡ ሰዎች በየድንጋዩ ሥር ያስታውካሉ። ለአሸናፊው የተዘጋጀ ሙክት በግ ቀንዱ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮለት፣ ጀርባው በሰማያዊ ቀለም «ሻምፒዮን» ተብሎ ተጽፎበት ችካል ላይ ቆሟል። ከበሽሎ ቆላ የሚነሳው ንፋስ አቧራውን እያነሳ ይለቃል።

ኢሳ መጣ። ሸብቷል፤ ጠመንጃው ግን በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ባቄላህ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለ ዓለምነህ።

ኢሳ ስድቡን ጠበቀ። አልመጣም። «ምነው፣ ጾሙ ነው ወይስ ፍስኩ የጎዳህ?» አለውና ትከሻውን ቸብ አድርጎት አለፈ።

ዕጣው ለኢሳ ቀድሞ ወጣ። በደረቱ ተኛ። ወልደ ሩፋኤል ከራሱ አጠገብ ቆመ። ማዶ፣ ከቆዳው ጎን ጉድጓድ ውስጥ ያሉት ሰዎች ጥቁሩ ሲመታ ነጠላ ያውለበልባሉ፤ ካልተመታ ዝም ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥይቶች ደህና ሄዱ። ነጠላው ሦስቴ ተውለበለበ። በአራተኛው ላይ ዓለምነህ አንድ ነገር ሰማ። ወልደ ሩፋኤል ቃላቱን ይውጣቸዋል። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይይዛል፤ ሲሳየነ መቼ እንደጀመረ ሳይታወቅ አሜን ላይ ይደርሳል። ኢሳ ቸኮለ። አምስተኛዋ ጥቁሩን መታች። ስድስተኛዋ ነጩ ላይ አረፈች። ስምንተኛዋን ሊተኩስ ሲል ንፋስ ተነሳ፤ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ፤ «አሜን» ተባለ፤ ጥይቷ ወጣች። ነጠላው ተውለበለበ።

«አልተቆጠረችም!» ሲል ሚሊዮን በማይኩ ጮኸ። «ጊዜ አልፏል! ሽማግሌው እንቅልፍ ወስዷቸዋል!» ሕዝቡ ሳቀ።

ዓለምነህ ከሰባተኛዋ ጀምሮ ተነስቶ ቆሞ ነበር። አፉን ከፈተ። ሠላሳ ዓመት ያወቃት ጸሎት ስትቆረስ ከእሱ በቀር የሰማ ሰው ያለ አይመስልም። ሽማግሎቹ በፀሐዩ ፈዝዘዋል፤ ሌላው ሰክሯል። «ቁም! ጸሎቷን ሙላት!» ማለት ብቻ ነበር። ወልደ ሩፋኤል ቀና ብሎ አየውና፣ ለአንተ እኮ ነው የሚል ፊት አሳየው። ዓለምነህ ጉሮሮውን ጠራርጎ ተቀመጠ።

ኢሳ ሰባት አገባ።

ከዚያ የዓለምነህ ተራ ደረሰ። ተኛ። ወልደ ሩፋኤል በዜማ ጀመረ። በዜማ! መሪጌታ ተክለ ማርያም በሕይወት ዘመናቸው አላደረጉትም፤ እሱ ግን እያንዳንዷን ቃል ያስረዝማል፣ መካከል ላይ ያስላል፣ አፍንጫውን ይጠርጋል፣ ይቅርታ ጠይቆ ካቆመበት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ይቀጥላል። ዓለምነህ መዘውሩን ከፍቶ በርሜሉ ሲበርድ ይጠብቃል። ግለቱ ሲወርድ፣ ጥቁሩ መወዛወዙን ሲተው፣ ኅድግ ለነ የሚለው ላይ ምላጩን ይስባል። ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚተኩሰው እዚያች ቃል ላይ ነበር፤ ልማድ ነው፤ ትርጉሟን፣ «ይቅር በለን» ማለቷን፣ አስቦበት አያውቅም። ዛሬ ግን እየተደጋገመች እንደ አሸዋ ጥርሱ ላይ ተንኮሻኮሸች።

ስምንት አገባ።

ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው። ከተኛበት አንስተው ተሸከሙት። የአንዱ ላብ፣ የሌላው የአረቄ ትንፋሽ ፊቱ ላይ ነው። አንዱ ከጆሮው ሥር ወደ ሰማይ መተኮስ ጀመረ። ሸለቆውን አሻግረው ቆዳው ዘንድ ሲያደርሱት ኢሳ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ለመለየት የዓለምነህ ጥይት በመታው ቀዳዳ ሁሉ ሰንበሌጥ ተሰክቷል። ኢሳ አንዱን ሰንበሌጥ ነቅሎ ቀዳዳዋን በጣቱ እየዳሰሰ ነው።

ቀዳዳዋ ክብ አልነበረችም። ረዘም ያለች፣ እንደ ገብስ ፍሬ የሾለች ነበረች።

«ይህቺ ጥይት ተኝታ ነው የገባችው» አለ ኢሳ። ድምፁን አላነሳም። ቀጥሎ ሌላይቱን ነካ። «ይህቺም።»

ሁለቱም የሚያውቁት ነገር ነው። ጥርስ ያለው በርሜል ጥይቱን በጫፉ ይልካል። የሞተ በርሜል እያንከባለለ በጎኑ ይጥለዋል። ኢሳ ዓለምነህን ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ጠመንጃውን በጨርቁ ጠቅልሎ፣ በሕዝቡ መካከል እየተጋፋ ወጣ።

ሚሊዮን ማይኩን ዓለምነህ አፍ ላይ ደቀነ። «አባባ! አንድ ቃል! ምን ይሰማዎታል?»

ዓለምነህ ማይኩን በሁለት እጁ ያዘው። «ብረቴ ሞቷል» አለ። ድምፁ በማጉያው ገደሉን መትቶ ተመለሰ። «ሰማችሁ? ብረቴ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ጸሎቷ ለእኔ ረዝማ ለኢሳ...»

«በሞተ ብረት ስምንት!» ሚሊዮን ማይኩን ነጠቀው። «ወገኖቼ ሰማችሁ? በሞተ ብረት ስምንት! ደህና ቢሆንማ ማን ይቆም ነበር! ይሄ ነው ስማዳ!»

ሕዝቡ አገሳ። እንደገና ተሸከሙት። «የሞተው ብረት! የሞተው ብረት!» እያሉ ጨፈሩ። በሕይወቱ አንድ ጊዜ እውነቱን በአደባባይ ተናገረ፤ ሰዎቹ ፉከራ አደረጉት። ወልደ ሩፋኤል ከሁሉ ፊት ሆኖ ያጨበጭባል። ዓለምነህ ከትከሻቸው ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያያቸው የሚያየው አፍ ብቻ ነበር፤ የተከፈተ፣ ሥጋ በጥርሱ መካከል የቀረበት አፍ። ከሁሉ የከፋውም እዚያ መካከል የራሱን አፍ አየ። ከጥቂት ሰዓት በፊት ተከፍቶ፣ ጉሮሮውን ብቻ ጠርጎ የተዘጋውን።

ሲለቁት በጉን በገመድ እየጎተተ ኢሳን ተከተለ። በጉ እንቢ ይላል፤ ይቆማል፤ ይጮሃል። ወደ አርብ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ ዳገቱ ላይ ደረሰበት።

«ኢሳ!»

ኢሳ ቆመ። ዓለምነህ እያለከለከ ጠመንጃውን አወረደ፤ ከኪሱ ጥይት አውጥቶ አፈሙዙ ውስጥ ከተታት። ሰጠመች። አፈሙዙን አስጠግቶ አሳየው።

«አየሁ» አለ ኢሳ። «ቆዳው ነግሮኛል። አምናም?»

«አምናም።»

«ለወልደ ሩፋኤል ምን ሰጠኸው?»

«ምንም። ትንሽ ረጋ በልልኝ ነው ያልኩት። አምና። አፍጥንበት አላልኩም ኢሳ! አንተን ይቁረስብህ ብዬ ከሆነ ልጄን ይንሳኝ!»

«አውቃለሁ። አንተ እንዲያ አትልም።» ኢሳ በጉን አየው፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አነበበ። «ግን ሲቆረስብኝ ሰማህ። ከእኔ በቀር የምትሰማው አንተ ብቻ ነህ። ተነስተህም ነበር፤ ጥላህን አየሁት። ይናገራል ብዬ ስምንተኛዋን ያዘገየኋት ለዚያ ነው። ንፋሱ ሰበብ ነበር።»

ዓለምነህ የበጉን ገመድ ዘረጋለት። «በጉን ውሰደው» አለ።

«በግማ አርብ ገበያ ሞልቷል።» ኢሳ ሳቅ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ሠላሳ ዓመት ተኝቼ የሰማኋት ጸሎት ነበረች። ለክርስቲያንም ለእስላምም እኩል የምትሰፈር አንዲት ነገር አለች እያልኩ ለልጆቼ አወራ ነበር። አሁን ያቺን፣ ሙሉዋን፣ ከየት ታመጣልኛለህ?»

ጠመንጃውን አንግቦ ዳገቱን ወጣ። ወደ ኋላ አልዞረም።

በማግስቱ ጠዋት ንግስት ጓዳ ሆና ከደጅ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ሰምታ ወጣች። ዓለምነህ ደጅ ላይ ቁጢጥ ብሎ ተቀምጧል። ቅሉ ከፊቱ ተደፍቷል። በጉ ባቄላውን ይቆረጥማል።

«አንተ ሰውዬ! ምን ነካህ?» ብላ ጮኸች። «የሠላሳ ዓመት ባቄላህን ለበግ?»

«ያልተቆጠረ ገብቶበታል» አለ።

በጉ ለሃጩን እያዝረከረከ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ለቅሞ በላ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ሪባኑ ዓይኑ ላይ ወድቆ፣ ይጨመርልኝ ብሎ ጮኸ። ዓለምነህ ምራቁን እንትፍ አለ። በዚህ ጊዜ ፊቱን የሚያዞርበት አልነበረውም።